«ምግቡን ብቻ ይያዙት» ሲባሉ፦ ቦሬ ላይ የሆቴል ምግብ ክፍል ከመከራየትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ከሐዋሳ ተነስቶ በአለታ ወንዶና በሀገረ ሰላም አድርጎ ወደ አዶላና ወደ ነገሌ ቦረና የሚወርደው መንገድ ቦሬ ሲደርስ ተሳፋሪው ትኩስ ነገር ይሻል። ቦሬ ደጋ ናት፤ ብርዷ ሆድ ያስርባል። ደላላው ይህን ስለሚያውቅ ደውሎ እንዲህ ይልዎታል፦ «መንገድ ዳር ሆቴል አለ። ባለቤቱ አልጋውንና መጠጡን ይዞ ምግቡን ብቻ ሊያከራይ ነው። ሰው ሞልቷል።»

ሰው ከሞላ ባለቤቱ ለምን ራሱ አይሠራውም? ይህን ጥያቄ ይዘው ይሂዱ። መልሱ ብዙ ጊዜ ተንኮል የለበትም፤ የሆቴል ሒሳብ ነው። አልጋ አንዴ ከተዘረጋ አንሶላ ማጠብና ክፍል ማጽዳት ነው ወጪው። ቢራ ዛሬ ካልተሸጠ ነገ ይሸጣል። ምግብ ግን ይገዛል፣ ይላጣል፣ ይበስላል፣ ይበላሻል፤ ለእያንዳንዱም ሠራተኛ ይቀጠራል። እንግዳውን የሚጠራው ምግቡ ነው፤ ትርፉን የሚሰበስቡት አልጋውና መጠጡ ናቸው። ባለቤቱ ድካም የበዛበትን ክፍል ለእርስዎ ሰጥቶ ትርፍ የበዛበትን ለራሱ እያስቀረ ነው። እንግዲያው ኪራዩም በዚያ ልክ ዝቅ ማለት አለበት፤ ማንም ግን በራሱ ፈቃድ ዝቅ አያደርግልዎትም።

«ምግቡ» ሲባል የትኛው?

ትልልቅ ሆቴሎች «ምግብና መጠጥ» ብለው በአንድ ኃላፊ ሥር የሚያስተዳድሩት ሥራ ሲከፈት ብዙ ነው፦ ወጥ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ዳቦና ኬክ፣ ምግብ አዳራሽ፣ ባር፣ ለመኝታ ክፍል የሚላክ ምግብ፣ ግብዣና ስብሰባ፣ ስቶር፣ ዕቃ አጠባ። አነስተኛ ከተማ ላይ እነዚህ በስም ላይለዩ ይችላሉ፤ ሥራቸውና ገንዘባቸው ግን የተለያየ ነው። አንድ በአንድ እየጠሩ «ይኼ የማን ነው?» ይበሉ።

• ሥጋ ቤቱስ? ብዙ ሆቴል ውስጥ ሥጋ ቤቱ ለሌላ ሰው ለብቻው ተከራይቷል። እንግዳው ኪሎውን እዚያ ገዝቶ ከፍሎ «ጥበሱልኝ» ብሎ ወደ እርስዎ ይልካል። ሽንኩርቱ፣ ዘይቱ፣ ቃሪያው፣ አዋዜው፣ ከሰሉና እንጀራው የእርስዎ ነው፤ የሥጋው ትርፍ የጎረቤትዎ። የመጥበሻ ዋጋ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚወስነው ሳይታወቅ አይስማሙ።

• ሻይና ቡናውስ? በረንዳው ላይ ጀበና ይዛ የምትቀመጠው ልጅ ኪራይ የምትከፍለው ለማን ነው? ማኪያቶ ማሽኑስ? ብርድ አገር ላይ ትኩስ መጠጥ ቀኑን ሙሉ ይሸጣል፤ ትርፉም ከወጥ ይሻላል። ባለቤቱ «ሻይ ቡና ከመጠጥ ይቆጠራል» ካለ የሚቀርልዎ ሽሮውና ፍርፍሩ ነው።

• ውሃና ለስላሳ ከምግብ ጋር ነው ወይስ ከባር? ምሳ የበላ ሁሉ አንድ ጠርሙስ ያዛል፤ ትንሽ ትመስላለች፣ በወር ስትደመር ግን የአንድ አስተናጋጅ ደመወዝ ልታክል ትችላለች። መጠጥ ከተፈቀደልዎም የሳጥንና የባዶ ጠርሙስ ማስያዣውን ማን እንደከፈለ ይጠይቁ።

• የአልጋ እንግዳ ቁርስ። ባለቤቱ ለእንግዶቹ «ቁርስ በነፃ» ብሎ ከሆነ፣ ነፃው ለእንግዳው ነው ወይስ ለባለቤቱ? በአንድ ሰው ይህን ያህል ብር፣ በየሳምንቱ የሚከፈል ተብሎ ይጻፍ።

• የስብሰባ አዳራሹ። መሥሪያ ቤቶች ሲመጡ ዋጋውን የሚደራደረው ባለቤቱ ነው፤ አዳራሹን፣ ሻይ ቡናውንና ምሳውን በአንድ ዋጋ ጠቅልሎ ይሸጣል። አዳራሹን ላለማርከስ ሲል ምሳውን እንደሚያረክስ ይወቁ፤ ያረከሰው ደግሞ የእርስዎን ሰሃን ነው። ያለ እርስዎ ፊርማ የምግብ ዋጋ እንዳይሰጥ ያስጽፉ።

• ዕቃው የማን ነው? ድስት፣ ሰሃን፣ ምጣድ፣ ፍሪጅ፣ ወንበር፣ ጃንጥላ ሳይቀር ይቁጠሩ። የቢራ ማስታወቂያ ያለበት ወንበርና ፍሪጅ የፋብሪካው ሊሆን ይችላል፤ ውሉ ሲያልቅ ወይም ባለቤቱ ከሌላ ቢራ ጋር ሲዋዋል ጠዋት መኪና መጥቶ ይጭነዋል፤ እርስዎም ቆሞ የሚበላ እንግዳ ይቀርዎታል።

የሚበላው ማን ነው?

«ሰው ሞልቷል» የተባለው በየትኛው ቀን ነው? የገበያ ቀን የሞላ ቤት በማግስቱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ከመዋዋልዎ በፊት ከገበያ ቀን ውጭ ጥግ ይዘው ይቀመጡ፤ ጠዋት፣ ምሳና ማታ የሚወጣውን ሰሃን ይቁጠሩ። ባለቤቱ ከሚያሳይዎ ደብተር ይልቅ ይህን ይመኑ።

• አውቶቡስ ይቆማል? ይቆማል ከተባለ፣ የሚቆመው ለሹፌሩ ሲባል ነው። ሹፌርና ረዳት በነፃ መብላታቸው በመንገድ ዳር ሆቴሎች የቆየ ልማድ ነው፤ አንዳንዱ ከምሳው በላይ ይጠብቃል። የነፃውን ምግብ ወጪ ማን ይችላል? አሁን ያለው ተከራይ ከሹፌሮቹ ጋር ተስማምቶ ከሆነስ፣ እሱ ሲሄድ አብረውት ወደ ሌላ ቤት አይዞሩም?

• ደንበኛው በአንድ ነገር ላይ የተንጠለጠለ ነው? ነገሌ ለዓመታት የጉጂ ዞን መቀመጫ ነበረች፤ በ2015 ዓ.ም. የምሥራቅ ቦረና ዞን ሲቋቋም ግን የአዲሱ ዞን መቀመጫ ሆነች። ቢሮ ሲዛወር አበል የሚበላው ሠራተኛም አብሮ ይዛወራል። ሻኪሶ አጠገብ የለገ ደምቢ ወርቅ ማውጫ በ2010 ዓ.ም. ከሕዝብ ተቃውሞ በኋላ ሥራ ሲያቆም በማዕድኑ ሠራተኛ ላይ ብቻ የቆመ ምግብ ቤት ምን እንደሚገጥመው ማሰብ አያዳግትም። «የመንገድ ሥራ ድርጅቱ ሠራተኞች ሁሉ እዚህ ይበላሉ» ካሉዎት፣ ፕሮጀክቱ መቼ ያልቃል?

• የቡና ወቅት። በጉጂ ቡና አብቃይ ወረዳዎች ቡና ሲለቀም ነጋዴው፣ ሹፌሩና ጫኙ መንገዱን ይሞሉታል። ተከራይ የሚፈለገው ብዙ ጊዜ ያን ጊዜ ነው፤ ቤቱ ሞቅ ብሎ ይታያላ! የዓመቱ ኪራይ ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ዝናብ ጊዜም አይቆምም።

ወጥ ቤቱ

ባለቤቱ የሚያስጎበኝዎ አዳራሹን ነው። እርስዎ በጓሮ በኩል ይግቡ።

• ውሃ። ቧንቧ መኖሩን ሳይሆን ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ይጠይቁ፤ ባለቤቱን ሳይሆን ዕቃ የምታጥበውን ልጅ። ሮቶው ስንት ሊትር ይይዛል? ከአልጋ ክፍሎቹ ጋር የጋራ ከሆነ እንግዶች ማለዳ ሲታጠቡ ወጥ ቤቱ ይደርቃል። በጄሪካን የሚገዛ ውሃ ወጪ በማንም ደብተር ላይ አይታይም።

• መብራት። ቆጣሪው የጋራ ነው? እንጀራ ምጣድ ብዙ ኃይል ይስባል፤ ባለቤቱም የወሩን ሒሳብ «አብዛኛው የምጣዱ ነው» ብሎ ወደ እርስዎ ይገፋል። የራስዎ ቆጣሪ ይኑርዎ፤ ካልተቻለ የመከፋፈያው ልክ በውሉ ይቀመጥ። ጄኔሬተር አለ ከተባለ ያስነሱት። ፍሪጁንና ምጣዱን ይሸከማል ወይስ አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ? ነዳጁስ በማን ኪስ?

• ከፍታው። ይህን ማንም አይነግርዎትም፤ አከራዩም አስቦት አያውቅም። ቦሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ዝቅ ብላ ባለችው ነገሌ ግን 95 አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ባቄላው፣ ምስሩ፣ ቅልጥሙ ለመብሰል ይዘገያል፤ በዘገየ ቁጥር እንጨትና ከሰል ይነዳል። ነገሌ ወይም ሐዋሳ የሠራ ወጥ ሠሪ ይዘው ከመጡ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምሳ ይዘገይብዎታል። የግፊት ድስት ትልቁን ይግዙ፤ የማገዶውን ወጪ ሲገምቱም የቆላውን ቁጥር አይውሰዱ። ብርዱም የራሱ ሥራ አለው፦ ሊጥ ቶሎ አይቦካም። እንጀራ በድንገት ሲያልቅ ጎረቤት ከመለመን ሌላ መላ የለም፤ ሊጡ ከሁለት ቀን በፊት ታስቦበት ካልተቦካ።

• ጭስና ፍሳሽ። የወጥ ቤቱ ቆሻሻ ውሃ የት ይወርዳል? ከመጸዳጃው ጉድጓድ ጋር ከተገናኘ፣ ጉድጓዱ ሲሞላ የሚያስመጥጠው ማን ነው? የመምጠጫ መኪናው ከሌላ ከተማ የሚመጣ ከሆነ የነዳጁንም ይጨምሩ። ጭሱ ወደ መኝታ ክፍሎቹ የሚነፍስ ከሆነ ደግሞ በሁለተኛው ወር «እንጨት ማንደድ ይቅር» መባልዎ አይቀርም፤ የቡታጋዝ ዋጋን አስቀድመው ይጠይቁ።

ነገሌ፣ ፊልቱ ወይም ሌላ ቆላ ከተማ ላይ ከሆነ የሚከራዩት ጭንቀቱ ይገለበጣል፦ ወተት ይኮመጥጣል፣ ሥጋ አያድርም፣ ፍሪጅ ያልሠራበት አንድ ሌሊት የሁለት ቀን ትርፍ ይዞ ይሄዳል።

ገበያው

• ቅርብ ያለው ምንድን ነው? የቦሬ አካባቢ ገብስ፣ ድንች፣ ባቄላና እንሰት ያበቅላል፤ ቅቤና ወተትም አለው። ጤፍ ግን በመኪና ይመጣል፤ መንገድ በተበላሸ ወይም በተዘጋ ቁጥር ዋጋው ይዘላል። የምግብ ዝርዝሩ እንጀራ ላይ ብቻ ከቆመ የመኪና እስረኛ ነዎት። ቆጮ በክትፎና በአይብ፣ የድንች ወጥ፣ የገብስ ገንፎ፣ ጩኮ ከቅርብ የሚገኝና ለመንገደኛውም አዲስ ነገር ነው። ብዙ ተከራይ አዲስ አበባ ያየውን ዝርዝር ገልብጦ ለጥፎ ዶሮ ሳንዱች ይጽፋል፤ ዶሮውም ሳንዱቹም አይኖርም።

• የከብት ዋጋ ዘንድሮ ስንት ነው፣ አምናስ? ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ በቦረና ብዙ ከብት አለቀ። በድርቅ ጊዜ የከሳ ከብት ይረክሳል፤ ከድርቅ በኋላ ጥሩ በሬ ይጠፋል። የሥጋ ዋጋ ባለበት እንደሚቆይ አድርገው የሚያሰሉ ከሆነ ስሌቱን ቀድደው እንደገና ይጀምሩ።

• የዘይትና የቅመም ዋጋ ከብር ጋር ይሄዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ አይተዋል። ውሉ ላይ «የምግብ ዋጋ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይጨመርም» የሚል መስመር ካለ ያሰርዙ።

ሥጋና ጾም

• ቤቱ የክርስቲያን ነው የሙስሊም? ደቡብ ቆላው ላይ ይህ ጥያቄ ከኪራዩ ይቀድማል። ከነገሌና ከዚያ ወዲያ የሚመጣው መንገደኛ ብዙው ሙስሊም ነው፤ ከሐዋሳ በኩል የሚመጣው ብዙው ክርስቲያን። በአንድ ድስት ሁለቱን ማስተናገድ አይሞከርም፤ ተሞክሮም ከታወቀ ሁለቱንም ያሳጣል። ቤቱ በየትኛው ይታወቃል? ስሙን ለመቀየር ዓመት አይበቃም።

• የጾም ሒሳብ። ኦርቶዶክሱ ረቡዕና ዓርብ፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ የነቢያት 43፣ የፍልሰታ 15 እና ሌሎቹንም ይጾማል። በጾም ጥብስ አይሸጥም የሚለውን የአዲስ አበባ ልምድ ይዞ የመጣ ሰው ግን እዚህ ይሳሳታል፦ ቦሬና አካባቢው ፕሮቴስታንት ብዙ ነው፤ ዓርብ ቀንም ሥጋ የሚጠይቅ እንግዳ ይኖርዎታል። መንገደኛው ደግሞ በያይነቱ ይጠይቃል። ሁለቱንም በትንሽ በትንሹ ማዘጋጀት ማለት ሁለት የብልሽት ምንጭ ማለት ነው። አሁን ያለው ወጥ ሠሪ ዓርብ ማታ ስንት ድስት እንደሚደፋ ይጠይቁት። በረመዳን የቀኑ ሽያጭ ወደ ምሽት እንደሚዞር ለነገሌ ሰው መንገር አያስፈልግም።

• ማኅተም። ሥጋው በቄራ ታርዶ የተመረመረ ነው? «እኛ ጓሮ ነው የምናርደው፣ ማንም አይጠይቅም» ከተባሉ፣ የሚጠየቅበት ቀን ሲመጣ የሚታሸገው የእርስዎ በር ነው።

ሠራተኛ

• የሚረከቡት ሠራተኛ ያልተከፈለው ነገር አለው? የደመወዝ፣ የዓመት ፈቃድና የጡረታ ቀሪ ካለ እርስዎ ከመግባትዎ በፊት ባለቤቱ ይጨርስ፤ ሠራተኞቹም ፈርመው ያረጋግጡ።

• የሥራ ሰዓቱን በጣት ይቁጠሩ። የማለዳ መኪና ያለበት ቤት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተከፍቶ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ይሠራል፤ 16 ሰዓት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሚፈቅደው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ስለዚህ ሁለት ፈረቃ ያስፈልጋል። ባለቤቱ «በስድስት ሰው ይሠራል» ሲል ስድስቱ ሰዎች 16 ሰዓት እየቆሙ ነው ማለቱ ነው። በግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ባይኖርም፣ ከሕጋዊ ሰዓት በላይ የሠራ ግን በቀን ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ደግሞ 1.75 እጥፍ ይከፈለዋል። ለጡረታም ከአሠሪው 11፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ይሄዳል።

• ጉርሻ ደመወዝ አይደለም። ብዙ ቤት አስተናጋጅ «በጉርሻ ትኖራለች» ተብላ ለስም በሚሆን ደመወዝ ትቀጠራለች። ደንበኛ የሚሰጠው የአገልግሎት ገንዘብ ከደመወዝ እንደማይቆጠር ሕጉ ይናገራል። ደግሞም በጉርሻ ብቻ የምትኖር ልጅ የተሻለ ጉርሻ ያለበት ቤት ሲከፈት በማግሥቱ የለችም።

• ዕቃ የሚያጥበው ልጅ ዕድሜው ስንት ነው? ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ሌሊትም አይሠራም። ማታ ማታ ጓሮ ያለውን ልጅ አይተው ሲያበቁ «የዘመድ ልጅ ነው» የሚል መልስ አይቀበሉ።

• «ሼፍ ነኝ» የሚል ቢመጣ። የሙያ ብቃት ምዘና ማረጋገጫ ካርዱን ይጠይቁ፤ አዲስ አበባ ያለው የቱሪዝም ማሠልጠኛም ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ባለሙያ ሲያወጣ የኖረ ነውና ከዚያ ተምሬአለሁ ካለ ወረቀቱን ይዩ። ከወረቀቱ በኋላ ግን ከሰል ላይ ሽሮ፣ ጥብስና ፍርፍር ያሠሩት፤ ለሃያ ሰው፣ በግማሽ ሰዓት። ሰሃኑን ሳይሆን ሲጨርስ የተረፈውን ሽንኩርትና ዘይት ይመልከቱ።

• የሁሉም ሠራተኛ የጤና ምርመራ ካርድ ጊዜው አላለፈም?

ገንዘቡ

• በቀን ስንት ሰሃን መሸጥ አለብዎ? ለምሳሌ ኪራዩ በወር 40,000 ብር ቢሆንና ከአንድ ሰሃን የጥሬ ዕቃና የማገዶ ወጪው ተቀንሶ 50 ብር ቢቀርዎ፣ ለኪራዩ ብቻ 800 ሰሃን፣ በቀን 27 ገደማ ማለት ነው። ደመወዝ 24,000 ቢሆን ሌላ 480 ሰሃን ይጨመራል። ድምሩ በቀን ወደ 43 ይጠጋል፤ እስካሁን ውሃ፣ መብራት፣ ግብርና የሹፌር ምሳ አልገቡም። ጥግ ይዘው የቆጠሩት ሰሃን ከዚህ ቁጥር በታች ከሆነ ውሉን ሳያነቡት ቢመለሱ ይሻላል።

• ዱቤ። እቴጌ ጣይቱ ሆቴል በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሲከፈት መኳንንቱ በገንዘብ ገዝቶ መብላትን ነውር አድርገው ስላዩት ምኒልክ ራሳቸው ገብተው በልተው ከፈሉ ተብሎ ይተረካል። ያ ነውር ዛሬ በሌላ መልክ አለ፦ የባለቤቱ ዘመድ፣ የአካባቢው ሹም፣ «ጻፈው» የሚል ወዳጅ። ባለቤቱና ቤተሰቡ ሲበሉ ይከፍላሉ? ያፈሩበትን ጥያቄ አሁን ይጠይቁ፤ በኋላ ኪራይ ላይ ለማቻቻል ሲሞክሩ ጠብ ነው። የመሥሪያ ቤት ዱቤ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ፕሮፎርማ፣ ደረሰኝ፣ ተቀናሽ ግብር፣ የሦስት ሰው ፊርማ አለበት። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ ያልተከፈለ ሒሳብ ማሳደድ ሥራ ይሆናል።

• የስልክ ክፍያ። በቴሌብርና በባንክ መተግበሪያ መክፈል ለምዷል፤ የተከፈለ የሚመስል የሐሰት መልእክት ማሳየትም እንዲሁ። ገንዘቡ የሚገባው በማን ስልክ ነው? በባለቤቱ ቁጥር ከሆነ ሽያጭዎን የያዘው እሱ ነው። አስተናጋጇ የደንበኛውን ስልክ አይታ ሳይሆን የእርስዎ ስልክ ላይ መልእክቱ ሲገባ ነው ማመን ያለባት።

• ግብር በማን ስም? ንግድ ፈቃዱ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩና ካሽ ሬጅስተሩ የባለቤቱ ሆነው እርስዎ ቢሸጡ፣ የእርስዎ ሽያጭ የእሱ ገቢ ሆኖ ይመዘገባል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ግብሩን «ያንተ ድርሻ» ብሎ ያመጣዋል። ያለ ደረሰኝ ሲሸጥ የተያዘ እንደሆነም ቅጣቱ ማን ላይ እንደሚወድቅ መከራከር ይመጣል። ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤትና ገቢዎች ራስዎ ይሂዱ። ሆቴሉ የተጨማሪ እሴት ታክስ ከፋይ ከሆነ 15 በመቶው በሰሃን ዋጋ ውስጥ ነው ወይስ በላዩ? አብሮ የሚሸጥ ባር ላይ አንድ ዋጋ፣ ምግብ ላይ ሌላ ከሆነ እንግዳው የሚጨቃጨቀው ከእርስዎ አስተናጋጅ ጋር ነው።

• ቁልፍ፣ ቀብድና ደላላ። የሚወጣው ተከራይ «ቁልፍ» ብሎ የሚጠይቀው ብር ለምን ነው? ዕቃ የሚያስረክብ ከሆነ ዕቃው ይቆጠር። ስሙን ብቻ የሚሸጥ ከሆነ፣ ስሙ የባለቤቱ እንጂ የእሱ አይደለም። ደላላው ከሁለቱም ወገን እንደሚቀበል ይገምቱና ምክሩን በዚያው ልክ ይመዝኑት።

ውሉ

• በምን ቋንቋ ተጻፈ? የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ውሉም ፈቃዱም በቁቤ ሊሆን ይችላል። በደንብ ካላነበቡት የራስዎ ሰው ያንብብልዎ። ደላላው በአፍ የተረጎመልዎ ውል እንደሌለ ይቁጠሩት።

• አከራዩ በእርግጥ ማከራየት ይችላል? ቤቱ የወራሾች የጋራ ነው? በባንክ ዕዳ ተይዟል? ባለቤቱ ራሱ ተከራይ ከሆነ ለሌላ የማከራየት ፈቃድ አለው? ካርታውንና ውክልናውን ዋናውን ይዩ፤ ኮፒ አይበቃም። ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለቱም ይፈርሙ።

• ኪራዩ መቼ ይጨመራል? «በየዓመቱ በስምምነት» የሚለው ሐረግ እርስዎ ቤቱን ካስለመዱ በኋላ «እኔ ባልኩት» ማለት ይሆናል። መቶኛውን ይጻፉት። የሚከራዩበትም ዘመን ምድጃና ቧንቧ ላይ ያወጡትን የሚመልስ ይሁን።

• ሆቴሉ ቢዘጋስ? የአልጋው እንግዳ የእርስዎም ተመጋቢ ነው። ባለቤቱ አልጋውን ለእድሳት ቢዘጋ፣ ባሩን ቢያቆም፣ አጥሩን አፍርሶ ለመኪና ማቆሚያ ቢያደርገው፣ የእርስዎ ኪራይ ይቀንሳል? ሌላ ምግብ ቤት እዚያው ግቢ ውስጥ ላለመክፈቱስ ፈርሟል? ይህ መስመር ሲነሳ ፊቱ የሚጠቁር ባለቤት አስቦበታል ማለት ነው።

• ሲወጡ ምን ይዘው ይወጣሉ? ያስገቡት ፍሪጅ፣ ምጣድና የግፊት ድስት ዝርዝሩ፣ ፎቶውና የግዢ ደረሰኙ ከውሉ ጋር ይያያዝ። ግድግዳ ላይ የተሰካ ምድጃ፣ ያስገቡት ቧንቧና ያሠሩት ጭስ ማውጫ ግን በውሉ ምንም ካልተጻፈ ለባለቤቱ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ዋጋቸውን ከኪራይ ላይ ያስቀንሱ፤ ከመግባትዎ በፊት፣ ፊርማው ሳይደርቅ።